እስቲ አንዴ ያዝልኝ

እናንተ፣ በመብራት መቆጣጠሪያ ክፍል፣ በውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ሌሊቱን ስክሪን ላይ አፍጥጣችሁ ያነጋችሁ፣ እንደምን አደራችሁ።

ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን ማርገብገብ ይረሳል። ዓይኑ ይደርቃል፤ ይቆጠቁጠዋል። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ቀዩ የማስጠንቀቂያ ምልክት ብልጭ ይላል። ዓይኑ ያያል፤ እሱ ግን ልብ አይልም።

ታዲያ እረፍት መጠየቅ ለምን ያሳፍረናል? «ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ ያዝልኝ፤ ዓይኔን ላሳርፍ» ማለት ስንፍና አይደለም። ሥራው ራሱ ነው። ሰው ሳይተኩ መነሳት ግን አይሆንም፤ ማሽኑ ጠባቂ ይፈልጋል።

አለቆችም፣ መስኮት ጋ ቆሞ ሩቅ የሚያየውን ሠራተኛ አትቆጡት። ዓይኑን እያሳረፈ ነው። (ሻይ ቢይዝም ምንም አይደል።)

ዛሬ ፈረቃ የምትገቡ፣ ጎናችሁ ያለውን ባልደረባ ሳይጠይቃችሁ «ልያዝልህ?» በሉት።