ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻም አማና ነው
(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን ሽንት ቤት ነው። ሊያሳፍረን አይገባም፤ የፊቅህ ኪታቦቻችን የሚጀምሩት በጦሃራ ምዕራፍ ነውና።

ባለፈው ክረምት በእኛው ሰፈር፣ በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ለሱብሒ ሰላት ስወጣ የጎርፉ ሽታ ሌላ ነበር። የአንድ ግቢ ሽንት ቤት ሞልቶ፣ መንገዱ ጠባብ በመሆኑ የመምጠጫ መኪና ሊገባ ስላልቻለ፣ ባለቤቱ ዝናብ ጠብቆ ወደ ቦዩ ለቆታል። ሰጋጆች ያንን ረግጠው መጡ፤ ልጆችም በዚያው ላይ ተሻግረው ወደ ቁርኣን ቤት ሄዱ። ሰውየውን ስመክረው፣ ‹‹ኡስታዝ፣ ታዲያ የት ላድርሰው?›› አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰው መንገድ፣ በጥላ ሥርና በውኃ መውረጃ ስፍራ መጸዳዳትን አጥብቀው ከልክለዋል። ታዲያ ቤቱ ተጸዳድቶ በጎርፍ ወደ ጎረቤት ደጅ የሚልክ ሰው በምን ይለያል? በተለይ የሐዋሳ ሐይቅ በወንዝ የሚወጣ መውጫ የለውም። ወደ እርሱ የገባው ቆሻሻ ታጥቦ አይሄድም፤ ዓሣውን የምንበላው ግን እኛው ነን።

ለዚያ ወንድሜ መልስ ስፈልግ ያገኘሁት ነገር በመጀመሪያ አስገርሞኛል፤ ትል ነው። ወስፋት ወይም ሌላ የሆድ ትል ማለቴ አይደለም። ከበሰበሰ ነገር ውስጥ የሚኖር፣ ገበሬዎች ለኮምፖስት የሚያረቡት ቀይ ትል ነው። በሰው ሆድ ውስጥ አይኖርም። በሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ይጠቀሙበታል። በአገራችንም ኦክስፋም እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ገደማ በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ ሞክሮታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመቀመጫው በታች ወይም በስተጀርባ ግድግዳው የተገነባ ጉድጓድ ይዘጋጃል። ከሥሩ ድንጋይና ጠጠር፣ ከዚያ በላይ የእንጨት ፍቅፋቂና ኮምፖስት ይነጠፋል። በላዩ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ያህል ትል ይደረጋል። ዓይነ ምድሩ ከላይ ሲቀር ትሉ ይመገበዋል፤ ውኃው በጠጠሩ ተጣርቶ ወደ አፈር ይሰርጋል። ትሉ ከበላው በኋላ የሚተርፈው ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ነው። በመሆኑም ጉድጓዱ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት አይሞላም፤ ሽታውና ዝንቡም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ትሉ እርጥበት ካላገኘ ይሞታል። በውኃ ኢስቲንጃእ የሚያደርግ ቤተሰብ ደግሞ ይህን እርጥበት በየዕለቱ ይሰጠዋል። ነገር ግን የገላና የልብስ ማጠቢያ ውኃ ከተጨመረበት ትሉ ይሰጥማል። እህቶቼ ሆይ! በረኪና ከገባበትም ያልቃል። መቀመጫውን በውኃና በመጥረጊያ ማጽዳት ይበቃል። ፕላስቲክና ጨርቅም አይጣልበት።

ለሁሉም ቦታ ግን አይሆንም። በሐይቁ ዳርቻ፣ ጥቂት ሲቆፈር ውኃ በሚገኝበት ስፍራ፣ ፍሳሹ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ይቀላቀላል። የመጠጥ ጉድጓድ ባለበት አጠገብም አይሠራም። ስለዚህ ከመቆፈራችሁ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና አፈሩን የሚያውቅ ባለሙያ አማክሩ።

ብዙዎች ‹‹የተረፈው አፈር ነጃሳ ነው ወይስ ጦሃራ?›› ብለው ይጠይቃሉ። በሐነፊይ መዝሀብ ነጃሳ ባሕርዩ ፈጽሞ ወደ ሌላ ነገር ከተለወጠ ንጹሕ ይሆናል። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ከጥቂት ነገሮች በቀር በመለወጥ ብቻ ንጹሕ አይሆንም፤ ሆኖም በነጃሳ ማዳበሪያ የበቀለ ሰብል ራሱ ነጃሳ አይባልም። ጥንቃቄው ግን አንድ ነው፤ የወስፋት እንቁላል በትሉ ሥራ ሁሉ ላይሞት ይችላል። ስለዚህ አፈሩን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጥሬ ለሚበላ አትክልትም አታድርጉት። በጥልቀት ቅበሩት ወይም ከዛፍ ሥር አድርጉት።

ወንድሞችና እህቶች! ለዚያ ጎረቤቴ አሁን መልስ አለኝ፤ ‹‹የትም አታድርሰው፤ በግቢህ ውስጥ ጨርሰው›› እለዋለሁ። ወጪው ለአንድ ቤት ከከበደ ጎረቤታሞች እንተባበር፤ ዕድር የምናዋጣ ሰዎች ለዚህ አናንስም። መስጊዳችንም አንድ ሠርቶ ቢያሳይ መልካም ነው። ከሰው መንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር ማስወገድ ከኢማን ክፍሎች አንዱ መሆኑን ተምረናል። ከመንገዱ ማንሳቱ እንዲህ የሚያስመነዳ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ እዚያ አለማድረስስ?

አላህ የምንሰማውን በተግባር የምናውል ያድርገን። ወላሁ አዕለም። ወስ-ሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።