ስለ ፍሬን ቱቦ
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት ከዚህ ቦታ ላይ ስለ ፍልስፍና ተነግሯል፤ የእኔ ጉዳይ ግን ከመኪና ሆድ ሥር ነው። በእጄ የያዝኳት ይህች የዛገች ቧንቧ አማኑኤል ላይ ከአጎቴ አሮጌ ቶዮታ የተፈታች የፍሬን ቱቦ ናት። ርዝመቷ ክንድ አይሞላም፤ ውፍረቷም አምስት ሚሊ ሜትር አይደርስም። አጎቴ በማግሥቱ አራት ሰዎች አሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ነው፤ ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ፥ ከዚያ ደጀን፥ ከደጀን በኋላ ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወረድበት የአባይ በረሃ።

ፍሬን ስንረግጥ እግራችን የሚገፋው ጎማውን ሳይሆን ዘይቱን ነው። ፈሳሽ እንደ አየር ስለማይጨመቅ፥ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፥ ግፊቱ ሳይቀንስ በቱቦው ውስጥ እስከ እያንዳንዱ እግር ይደርሳል። በኃይል ሲረገጥ ከ70 ባር በላይ ይሆናል። እንግዲህ የዛገ ቱቦ አታላይነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲረገጥ ጠብ ጠብ ከማለት አያልፍም፤ የሚፈነዳው በድንጋጤ ሲረገጥ፥ ማለት ፍሬኑ ከሁሉ ይልቅ በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

በእኛ አገር መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፤ ከአውሮፓ የሚመጣ ያገለገለ መኪና ግን የበረዶ ጊዜውን ጨው ቀምሶ፥ ዝገቱን ይዞ ይገባል። የጎጃም የክረምት ጭቃ ደግሞ በቱቦው ማሰሪያ ሥር ተለጥፎ እርጥበቱን እንደያዘ ይከርማል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌዎቹን ገና ብዙ ዘመን እንነዳቸዋለን።

አንድ መካኒክ ለአጎቴ የሰጠው ምክር፥ «የኋላውን የግራ እግር እንዝጋውና በሦስቱ ሂድ» የሚል ነበር። ይህ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ ተቃወምሁ። በአንድ ወገን ብቻ የሚይዝ መኪና በእርጥብ መንገድ ላይ ይዞራል፤ የቀሩት ሦስቱ እግሮችም በቁልቁለቱ ሁሉ የአራቱን ሙቀት ይሸከማሉ። ደግሞስ ከዚህች ጋር አብረው የኖሩት ቱቦዎች ደኅና ለመሆናቸው ማን ዋስ ይሆናል?

ስለዚህ ለወጥነው። መኪናው በክሪክ ብቻ አይታመንም፤ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ ይደረጋል። ዳዶው በፒንሳ ከተያዘ ጥርሱ ይላጣልና ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ መፍቻ ያስፈልጋል። አሮጌው ቱቦ ለአዲሱ መለኪያ ስለሚሆን አይጣልም። አዲሱ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ቢሆን አይዝግም፤ ንጹሕ መዳብ ግን በንቅናቄ ብዛት ይሰነጠቃል። የነዳጅ ጎማ በሽቦ አስሮ መቀጠል የሚባለውን ነገር ባላነሣው እወዳለሁ። የቱቦው ጫፍ በልዩ መሣሪያ ታጥፎ ይሰፋል፤ ቅርጹም እንደ አሮጌው መሆን አለበት። ዳዶው ግን ከማስፋቱ በፊት መግባት አለበት! እኔ ይህን ረስቼ አንድ ጫፍ ቆርጬ ጥያለሁ፤ አጎቴም እስካሁን ያነሣብኛል።

ከዚያ አየር ማስወጣት ነው፤ ከፍሬን ማስተሩ እጅግ ከራቀው እግር ይጀመራል። አንዱ ይረግጣል፥ ሌላው የማስወጫውን ቡሎን ይከፍታል፤ ቡሎኑ ሳይዘጋ እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ስለሚስብ ከታሸገ ቆርቆሮ ይቀዳል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። የሞተር ዘይት ከተጨመረበት ጎማዎቹን ሁሉ ያሳብጣል። በመጨረሻ ሞተሩ እየሠራ ፍሬኑ በኃይል ተረግጦ ይያዛል፤ ሌላ ሰውም መገጣጠሚያውን በደረቅ ወረቀት ይጠርጋል።

ቱቦው ከደብረ ማርቆስ እስኪመጣ ጉዞው ሁለት ቀን ዘገየ። ከተሳፋሪዎቹ አንደኛው ተቆጥቶ በአውቶቡስ ሄደ፤ ሌሎቹ ጠበቁ።

ቧንቧዋን ከጠረጴዛው ላይ አኖራታለሁ። ቀዳዳዋን ለማየት ወደ መብራቱ ማስጠጋት ያስፈልጋል።