በወረርሽኝ ጊዜ የሰፈር ጤና ጣቢያ ምን ሠራ?

አቅራቢ፦ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ አድማጮቻችን፣ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ ይህ ሆስፒታል ለኮሮና ሕክምና ተለየ። ኋላም ቦሌ ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተዘረጋበት።

ታዲያ የደም ግፊት፣ የስኳርና የአስም ታማሚው፣ ነፍሰ ጡሯስ ወዴት ይሂዱ? ሸክሙ የወደቀው በየወረዳው ጤና ጣቢያ ላይ ነበር። ስለ እነሱ የተወራው ከሠሩት እጅግ ያንሳል።

የጤና ጣቢያዎቹ አሠራር በዚያ ጊዜ እንዲህ ነበር። ገና በር ላይ ሙቀት ይለካ ነበር፤ የሚያስለውና የሚያተኩሰው ከሌላው ታካሚ ይለይ ነበር። የሚያጠራጥር ሰው ሲገኝ በ8335 ጥሪ ይደረግ ነበር፤ ናሙና ወሳጅ ቡድን ይመጣ ነበር፤ ቫይረሱ የተገኘበት ወደ ሕክምና ማዕከል ይላክ ነበር፤ ከእሱ ጋር የተነካካው ደግሞ በስልክ ይጠየቅ፣ ክትትልም ይደረግለት ነበር። ሕመሙ ተረጋግቶለት ክትትል ላይ ያለ ታካሚ በየወሩ እንዳይመላለስ የወራት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጠው ነበር።

በሚያዝያ 2012 ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በአዲስ አበባ ቤት ለቤት ዞሩ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሽቅብ እየወጡ፣ በር እያንኳኩ፣ ትኩሳትና ሳል ያለበትን ጠየቁ። በዚያ የፍርሃት ወቅት የሰው ደጃፍ ላይ መቆም ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ምስጋና ይገባቸዋል።

አድማጮቻችን፣ ባለሙያዋ ነገም በራችሁን ስታንኳኳ ክፈቱላት፤ ቤት ውስጥ ክትትል የሚያስፈልገው ሰው ካለም ንገሯት።