ቧንቧው የሚወስደውን ማን ይከፍላል? የፓምፕና የተርባይን ኃይል ስሌት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ አዲስ አይደለም። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ቀመሩን በቃላቸው ያውቁታል። ቀመር ማወቅና ውኃን ከታሰበበት ማድረስ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን እኔ የተረዳሁት በአንድ ቦኖ አጠገብ ቆሜ ነው።

ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት ለአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ፓምፕ እንድመርጥ ታዘዝሁ። ከምንጩ ገንዳ እስከ ኮረብታው ጋን ያለው ከፍታ 80 ሜትር፣ የቧንቧው ርዝመት 2,000 ሜትር፣ ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር፣ የሚፈለገው ፍሰት ደግሞ በሴኮንድ 10 ሊትር ነበር። እኔም 80 ሜትሩን ብቻ ይዤ አሰላሁ። ፓምፑ ተገዝቶ ተተከለ፤ በምርቃቱ ዕለት ውኃው ጋኑ ውስጥ ሲወርድ ሕዝቡ እልል አለ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ጋኑ አልሞላ አለ፤ እናቶች ጀሪካን ደርድረው ከንጋት እስከ ረፋድ ይጠብቁ ጀመር። አንዲት እናት «ልጄ፣ ሞተሩ ሲጮኽ እንሰማለን፤ ውኃው የታለ?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው። ለውኃው የምንሰጠው ኃይል በዋት የሚገኘው አራት መጠኖች ሲባዙ ነው፦ የውኃው እፍጋት፣ ማለትም በኪዩቢክ ሜትር 1,000 ኪሎ ግራም፤ የስበት ፍጥንጥነት፣ 9.81፤ ፍሰቱ፣ በሴኮንድ ስንት ኪዩቢክ ሜትር እንደሆነ፤ በመጨረሻም ቁመቱ በሜትር። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ማንም አይስታቸውም። ሰው የሚሳሳተው «ቁመት» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው «ሃይድሮዳይናሚካ» የውኃ ግፊትና ፍጥነት እንዴት እንደሚተሳሰሩ አሳየ። ዛሬ ግፊትን፣ ፍጥነትንና ከፍታን ሁሉ በሜትር ቁመት ገልጠን የምንደምረው በእርሱ ስም በሚጠራው እኩልታ ነው። ይሁን እንጂ ያ እኩልታ ብቻውን ሰበቃን አይቆጥርም። ሰበቃ የሚወስደውን የምናሰላበት ቀመር ከመቶ ዓመት በኋላ በመጡት በዩልየስ ቫይስባኽና በሄንሪ ዳርሲ ስም ይጠራል። ዳርሲ የትውልድ ከተማውን የዲዦንን የውኃ አቅርቦት የሠራ መሐንዲስ ነበር፤ ቧንቧን የሚያውቀው በወረቀት ላይ ብቻ አልነበረም።

ቀመሩ እንዲህ ይላል፦ የሰበቃ ቁጥሩን በርዝመትና በዲያሜትር ንጽጽር አባዛ፤ ውጤቱን ደግሞ የፍጥነቱ ካሬ ለስበት ሁለት እጥፍ ተካፍሎ በሚገኘው አባዛ። በእኔ ቧንቧ ውስጥ የውኃው ፍጥነት በሴኮንድ 1.27 ሜትር ይሆናል። የሰበቃ ቁጥሩን 0.02 ብንወስድ ብክነቱ 33 ሜትር ነው። ለክርኖችና ለቫልቮች 2 ሜትር እንጨምር። እንግዲህ ፓምፑ የሚገፋው 115 ሜትር ነው፤ 80 ብዬ የገዛሁት ግን እኔ ነኝ።

አሁን ኃይሉን እናስላ። ለውኃው የሚሰጠው 11.3 ኪሎዋት ነው። የፓምፑና የሞተሩ የጋራ ቅልጥፍና 60 በመቶ ቢሆን ከመስመር የሚሳበው ኤሌክትሪክ 11.3 ለ0.6 ተካፍሎ 18.8 ኪሎዋት ይሆናል። በፈተና ላይ በየዓመቱ የማየው ስሕተት እዚህ ነው፤ ተማሪው በማካፈል ፈንታ ያባዛና 6.8 ያገኛል። ሞተሩ ከወሰደው በላይ ሰጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ቢገኝ ሁላችንም ሥራ ፈት በሆንን ነበር።

መፍትሔው ትልቅ ፓምፕ መግዛት ይመስላል። ሆኖም ፍሰቱ ሳይለወጥ የሰበቃ ብክነት ከዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ቧንቧውን ከ100 ወደ 150 ሚሊ ሜትር ብናሳድገው 33 ሜትሩ ወደ 4.4 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጠቅላላው ቁመት 85 ሜትር ያህል፣ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ደግሞ 13.9 ኪሎዋት ይሆናል። ልዩነቱ ወደ 5 ኪሎዋት ነው፤ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በዓመት ወደ 18,000 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ወፍራም ቧንቧ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። የሰበቃ ዕዳ የሚከፈለው በየወሩ ነው።

በተርባይን በኩል ሕጉ ይገለበጣል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን ጊልገል ጊቤ ሁለትን እንውሰድ። ከላይኛው ጣቢያ የሚወጣው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የጣቢያው አቅም 420 ሜጋዋት ነው። ቅልጥፍናውን 90 በመቶ ብለን ወደ ኋላ ብናሰላ በሴኮንድ 95 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ውኃ ያስፈልጋል። በዚያ ፍሰት የዋሻው ግድግዳ 10 ሜትር ብቻ ቢወስድብን የምናጣው ከ8 ሜጋዋት ይበልጣል፤ ይህም የእኔን ዓይነት ፓምፕ ከ400 በላይ ያንቀሳቅሳል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ይዘው እንዲሄዱ እፈልጋለሁ። በፓምፕ ስሌት ብክነቱ በከፍታው ላይ ይደመራል፣ ውጤቱም ለቅልጥፍናው ይካፈላል። በተርባይን ስሌት ብክነቱ ከከፍታው ይቀነሳል፣ ውጤቱም በቅልጥፍናው ይባዛል። ሰበቃ በሁለቱም በኩል ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ስሌታችሁ ሰበቃ ረዳኝ ካላችሁ ምልክቱን መርምሩ።

የዚያች ከተማ ቧንቧ በመጨረሻ በ150 ሚሊ ሜትር ተተካ፤ ያው ፓምፕ ሳይለወጥ ፍሰቱ ወደታሰበው ተቃረበ። ለሁለተኛው ቧንቧ ሕዝቡ እንደገና አዋጣ። የእኔን ስሕተት የከፈሉት ቀድሞ ለመጀመሪያው ያዋጡት ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፓምፕ ከመምረጤ አስቀድሜ ቧንቧውን አሰላለሁ፤ እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ አደራ እላለሁ።