«ኮፒየስ» ስለ ተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ጊዜያችሁን የምንሻማው ስለ አንድ ቃል ለመናገር ነው። ቃሉም «ኮፒየስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ቃሉ በየመጽሐፉ ያጋጥመናል። ትርጉሙን የጠየቅን እንደ ሆነ «ብዙ ማለት ነው» እንባላለን። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን አይበቃም።

ይህን ትርጉም ብቻ የያዘ ተማሪ «ኮፒየስ ተማሪዎች» ወይም «ኮፒየስ ገንዘብ» ብሎ ቢጽፍ ሰዋስው አይከለክለውም፤ የቋንቋው ባለቤት ግን እንዲህ አይልም። ኮፒየስ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በገፍ የሚፈስ ነገር ነው፤ ይኸውም እንደ እንባ፣ እንደ ላብ፣ እንደ ዝናብ ያለው ነው። ደግሞም በሰፊው ለተጻፈ ማስታወሻና ብዙ ለሚጽፍ ደራሲ ይነገራል። ለሰው ቁጥር «ኒውመረስ»፣ ለሚበቃ ጊዜና ቦታ «አምፕል» የሚሉ ሌሎች ቃላት አሉ። ይህም ለኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በአማርኛ ዝናቡን «ዶፍ» እንላለን፤ «ዶፍ እህል» የሚል ግን የለም።

የቃሉ ምንጭ ሮማይስጥ ነው። «ኮፒያ» ብዛት፣ ሀብት፣ አቅም ማለት ሲሆን፣ ኃይልና ንብረት ማለት ከሆነው «ኦፕስ» ከሚለው ቃል ጋር የተዛመደ ነው። በብዙ ቁጥር ሲነገር የጦር ሠራዊት ማለትም ነበር። እንግዲህ «አበንዳንት» የሚለው ቅጽል ማዕበል ከሚለው ቃል ወጥቶ ሞልቶ የሚፈሰውን ውሃ ሲያሳይ፣ የኛም «የተትረፈረፈ» «ተረፈ» ከሚለው ወጥቶ ከበቂ በላይ የቀረውን ሲያሳይ፣ ኮፒየስ በሥሩ የሚያሳየው በእጅ ያለውንና ሊሠሩበት የሚቻለውን አቅም ነው።

ይህ ጋዜጣ ተባዝቶ ሲታደል «ኮፒ» የምንለው ቃልም የተወለደው ከዚያው ከ«ኮፒያ» ነው። በመካከለኛው ዘመን «ኮፒያ» ጽሑፍን የመገልበጥ ፈቃድ፣ ኋላም ግልባጩ ራሱ ማለት ሆነ፤ በፈረንሳይኛም በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ስለዚህ ኮፒየስና ኮፒ ወንድማማቾች ናቸው። ወንድማማቾች ግን ሁልጊዜ አንድ ጠባይ የላቸውም።

ሆላንዳዊው ሊቅ ኤራስመስ በ1512 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ስለ ኮፒያ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በፓሪስ አሳትሞ ነበር። መጽሐፉ የተዘጋጀው በለንደን ለነበረው ለቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት ነው። በዚህ መጽሐፍ፣ ደብዳቤ ደርሶት ደስ ያለው ሰው የሚናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ከመቶ በሚበልጥ መንገድ እየለወጠ አሳየ። ሆኖም ቃል ማብዛት ብቻውን ከንቱ ልፍለፋ እንደሚሆን አስጠንቅቋል። ኮፒያ ለእርሱ አንድን ሐሳብ እንዳስፈላጊነቱ ለማስፋትም ለማሳጠርም የሚያስችል ሀብት ነበር።

ነገሩ ወደ ራሳችን ክፍል የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ የተናገረውን ቃል በቃል ገልብጦ ሁለት ደብተር የሞላ ተማሪ፣ ማስታወሻው ኮፒየስ ነው ይባልለታል። በፈተና ቀን «ይህን ሐሳብ በራስህ ቃል አስረዳ» ሲባል የሚለው ያጣ እንደ ሆነ ግን፣ በእጁ ያለው ኮፒ እንጂ ኮፒያ አይደለም።

ስለዚህ ለተማሪዎች የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው፤ አዲስ ቃል ስንማር ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን አብረውት የሚሄዱትን ቃላት ጭምር እንጻፍ፤ ከየትምህርቱም በኋላ የሰማነውን በአምስት መስመር በራሳችን ቃል እንመልሰው። መምህራንንም የምንለምነው ግልባጩን ሳይሆን ይህንኑ እንዲጠይቁን ነው።