በሰው አገር ያለን ተማሪ ማን ይጠብቀዋል?

የትምህርት ቤታችን በዓል በተከበረበት ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



ከመካከላችን ትምህርቱን በውጭ አገር ለመቀጠል የማይመኝ ጥቂት ነው። እናቶቻችንም ስንቃችንን በሐሳብ ማዘጋጀት ጀምረዋል። ነገር ግን በሰው አገር ያለን ተማሪ ማን ይጠብቀዋል? ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው።

በ1636 የተመሠረተው የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2025 ከአገሩ መንግሥት ጋራ ተጋጨ። መንግሥት በኤፕሪል 11 ቀን በጻፈው ደብዳቤ ስለ አስተዳደሩ፣ ስለ መምህራን አቀጣጠርና ስለ ውጭ አገር ተማሪዎች አቀባበል ብዙ ለውጥ እንዲደረግ ጠየቀ። ፕሬዚዳንቱ አለን ጋርበር ከሦስት ቀን በኋላ ዩኒቨርሲቲው ነጻነቱን አሳልፎ እንደማይሰጥ አስታወቁ። በዚያው ቀን 2.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል የምርምር ርዳታ ታገደ።

በሜይ 22 ቀን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የውጭ አገር ተማሪዎችን የሚቀበልበት ፈቃድ ተሰረዘ። እነዚህ ተማሪዎች 6,800 ያህል ሲሆኑ ከጠቅላላው ተማሪ ከሩብ ይበልጡ ነበር። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ካልተዛወሩ በአገሩ የመኖር ፈቃዳቸውን እንደሚያጡ ተነገራቸው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፣ በነገሩ የሌሉበት ልጆች የጠቡ መያዣ ሆኑ።

ዩኒቨርሲቲው በማግሥቱ ከሰሰ፤ ዳኛዋም በዚያው ቀን ስረዛውን ለጊዜው አገዱ። በሴፕቴምበር 3 ቀን ደግሞ ርዳታው የታገደው ከሕግ ውጭ ነው ብለው ፈረዱ።

እኛ ከዚህ የተማርነው አለቃ ጸንቶ የሚቆመው ጥፋቱን በመሸሸግ አለመሆኑን ነው። ጋርበር በግቢው ውስጥ በአይሁድና በሙስሊም ተማሪዎች ላይ ስለ ደረሰው በደል የተጻፈው ምርመራ እንዲወጣ አድርገው ስለ ጉድለቱ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ከደመወዛቸውም ሩቡን ለመተው ፈቅደዋል። ጥፋትን ማመንና ነጻነትን መጠበቅ አይጣሉም።

እርግጥ ሃርቫርድ ባለጸጋ ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቶ ታርቋል። የብዙ ሰው እንጀራ በእጁ ያለ አለቃ ቢታረቅ፣ እኛ ገና ምንም ያልተሸከምን ልጆች ለመፍረድ አንቸኩልም። ይሁን እንጂ በዕርቁ ጊዜ እንግዳው ተማሪ መረሳት የለበትም፤ ድምፅ የሚሰጥበትና ዘመድ የሚጠራበት አገር አይደለምና።

አገራችንም በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀብላ አስተምራለች። አስተናጋጅነትን እናውቀዋለን።

ታናናሾቻችን ሆይ፤ ከእናንተ አንዱ ነገ የትምህርት ቤት አለቃ ይሆናል። እስከዚያው ግን ከሩቅ ወረዳ መጥቶ በክፍላችሁ ብቻውን የተቀመጠውን ልጅ ወደ አጠገባችሁ ጥሩት። እኛም ነገ በሰው አገር የምንመኘው ይህንኑ ነው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።