ከሎኩ መዘጋት በኋላ ያለው ሥራ



በሚኒያፖሊስ ከሴዳር ሪቨርሳይድ ተነስቶ የሚሲሲፒን ዳር ይዞ ወደ ላይ የሄደ ሰው በስቶን አርች ድልድይ አጠገብ ግዙፍ የኮንክሪት ገንዳ ያገኛል። የላይኛው ሴንት አንቶኒ ሎክ ይባላል። ሲሠራ ጀልባ ከታች ይገባና በሩ ይዘጋ ነበር፤ የላዩ ውሃ ያለ አንዳች ፓምፕ በራሱ ክብደት ገንዳውን ይሞላ ነበር፤ ጀልባውም 49 ጫማ፣ 15 ሜትር ያህል፣ ሽቅብ ይነሳ ነበር። ለሎኩ ቦታ ለመልቀቅ ከድልድዩ የድንጋይ ቅስቶች ሁለቱ ፈርሰው በብረት ተተክተዋል። ድልድዩን የተሻገረ ሁሉ ያየዋል።

ሎኩ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ ጀምሮ በ2015 ሰኔ ላይ ተዘጋ። ስፋቱ 56 ጫማ ብቻ ነው፤ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል በታች ያሉት ሎኮች ግን 110 ጫማ ናቸው። ስለዚህ የጭነት ጀልባ ሥራው ቀድሞም ሳስቶ ነበር። ኮንግረስን በ2014 ሕግ እንዲያወጣ ያደረገው ግን ዓሣ ነው። ከእስያ መጥቶ ከደቡብ ሽቅብ የሚወጣው ካርፕ የሌሎቹን ዓሦች ምግብ ይጨርሳል፤ የሴንት አንቶኒን ፏፏቴ መዝለል ስለማይችል የቀረው መንገድ ሎኩ ነበር። ከላይ ደግሞ እስከ ሚል ላክስ ሐይቅ የሚደርሱ ገባር ወንዞች አሉ። መዘጋቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሕጉ በሩ የሚዘጋበትን ጊዜ ቆረጠ፤ ገንዳውን ወደፊት ማን እንደሚይዘውና በማን ገንዘብ እንደሚጠገን ግን አልወሰነም። የተዘጋ ሎክ ደግሞ ሥራ አይፈታም። ጎርፍ ሲመጣ ውሃ የሚያሳልፍ በር አለው። በዚያ አካባቢ ያለው መሬትም የሚታመን አይደለም፤ በ1869 ከወንዙ ሥር የተቆፈረ ዋሻ ተደርምሶ ወንዙ ፏፏቴውን ከሥሩ ሊበላው ደርሶ ነበር። የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ጓድ በ1870ዎቹ ከድንጋዩ ሥር የኮንክሪት ግንብ ሠርቶ አዳነው። ያ ግንብ ዛሬም ከመሬት በታች አለ፤ አይታይም፤ ስለማይታይም በጀት ሲደለደል ማንም አያስታውሰውም።

አሁን ተራው የታችኛው ሴንት አንቶኒ ሎክና የፎርድ ግድብ ሎክ ነው። የመሐንዲሶች ጓድ ሁለቱን ይዞ ይቀጥል፣ ለሌላ ያስረክብ ወይስ ይፍረሱ የሚለውን ለማጥናት ተነስቷል። ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ከዋሽንግተን አቬኑ ድልድይ ቁልቁል ስትመለከቱ ውሃው ረግቶ የምታዩት የፎርድ ግድብ 6 ማይል ያህል ወደ ኋላ ስለሚያቆመው ነው። ግድቡ ቢነሳ ወንዙ ወደ ጥንቱ ፈጣን ፍሰት ይመለሳል፤ ዓሣም ወንዝም የሚወዱ ሰዎች ይህን አጥብቀው ይፈልጋሉ። በሌላ በኩል በረጋው ውሃ ላይ የሚቀዝፉ አሉ፤ ከግድቡ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ አለ፤ ከግድቡ ጀርባ ለዘመናት የተከማቸ ደለል አለ። ደለሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይመረመር ስለ ማፍረስ መወሰን አደገኛ ነው።

ከሁሉም በፊት የዳኮታ ሕዝብ አለ። ፏፏቴውን ኦዋምኒዮምኒ ይሉታል፤ ቅዱስ ቦታቸው ነው። በላይኛው ሎክ ዳር ያለው መሬት እንዲያገግም እነሱ የሚመሩት ሥራ ተጀምሯል። እኛ ኋላ የመጣን ነንና እነሱን ቀድመን ማዳመጥ ይገባናል።

ስለዚህ ዛሬ በየቡድናችሁ ስትወያዩ ይቆይ ወይስ ይፍረስ ከማለታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሐሳብ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን ይረከበዋል? የጥገናው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ጎርፍ በመጣ ሌሊት በሩን የሚከፍተው ማን ነው? መልሳችሁን በአማርኛ ጻፉልን፤ ተርጉመን ለሕዝብ አስተያየት መቀበያው እናስገባለን። በሉ፣ ካርታዎቹ ጠረጴዛችሁ ላይ ናቸው። ዐውደ ጥናቱ መከፈቱን በአክብሮት አበስራለሁ።